ዓሣ የሚያጎርሱት አማቴ

ክፉ ሰውማ ምን ችግር አለው! በር ይዘጋበታል፣ ውሻ ይለቀቅበታል፣ ካልሆነም ለሽማግሌ ይነገርበታል። የሚያስፈራውስ ደግ ሰው ነው! ከደግ ሰው የሚያስጥል አጥርም፣ ዘበኛም፣ ሕግም እስካሁን አልተገኘም። አታምኑኝም? እንግዲያው ዓሦቼን ጠይቁልኝ…

አዎ፣ ዓሦች አሉኝ። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በደብረ ብርሃን፣ ጓሮዬ ውስጥ የላስቲክ ቤት ሠርቼ ዓሣ አረባለሁ! አኳፖኒክስ ይሉታል። ዓሣው ታንከር ውስጥ እየዋኘ ውሃውን ያቆሽሻል፤ ፓምፑ የቆሸሸውን ውሃ ጠጠር ላይ ወደተተከለው ሰላጣና ቆስጣ ይገፋዋል፤ አትክልቱ ደግሞ ምግቡን ወስዶ ውሃውን አጥርቶ ይመልሳል። አንዱ ይቀልባል፣ ሌላው ያጸዳል። እንዲህ ተስማምቶ የሚኖር ጎረቤት እናንተ ሰፈር አለ?

ባለቤቴ አስካለ ግን ከመጀመሪያው "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብላኛለች። ላስቲኩን ስወጥር አየችኝ። ቧንቧውን ስቀጥል፣ ቧንቧው ሲፈነዳ፣ እኔም ከእግሬ እስከ ራሴ ስርስ አየችኝ። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች።

"እነዚህ ዓሦች ከሞቱ ይህ ቤት የልብስ ማስጫ ይሆናል!"

"ይሁን!" አልኩ በኩራት። እዚህ ከተማ የታጠበ ካልሲ ለመድረቅ ስንት ቀን እንደሚያስለምን ለምታውቁ፣ ፍርዱ ቀልድ አልነበረም።

ቆሮሶ የሚባሉትን ዓሦች ታንከሩ ውስጥ የለቀቅኩ ዕለት ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ኧረ ምን አልቀረኝም እላለሁ፣ ጨፍሬአለሁ!

በዚያው ሰሞን አማቴ እማዬ በለጡ ከአንኮበር ሊጠይቁን መጡ። እማዬ በለጡ የተከፈተ አፍ አይተው ማለፍ የማይችሉ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ያዛጋ ሰው ሳይጎርስ አይነሣም። አንድ ማዳበሪያ በሶ ይዘው መጥተው፣ የላስቲኩን ቤት ሙቀት ሲቀምሱ ወንበራቸውን አስገብተው እዚያው ከተሙ።

"እሰይ ልጄ! የአልዩ አምባን የቆላ ሙቀት ጓሮህ ድረስ አመጣኸው!"

እኔም ቢሮ ስውል ጠባቂ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ውሃው ነጣ። ከዚያ አረፋ አወጣ። ከዚያማ… እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የጠላ ጥንስስ መሽተት ጀመረ! ዓሦቹ በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"እማዬ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ርቧቸው ነዋ! አፋቸውን አታይም? እኔ ባልኖር አልቀውልህ ነበር!" አሉና እፍኝ በሶ በተን!

ለካ ጉዱ ይህ ነው። የተረፈው በሶ ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሳል፤ ዓሣው ትንፋሽ ሲያጥረው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ አፉን ሲከፍት እማዬ በሶ ይጨምራሉ!

"እማዬ፣ የጠገቡ ይመስለኛል…"

"ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!" በተን!

ተጨንቀዋልኮ! ሊሞቱ ነው! ግን አማትን "አያብሉ" የሚል አማች አይታችሁ ታውቃላችሁ? አስካለን "አንቺ ንገሪልኝ" ብዬ ለመንኳት።

"እኔ እናቴን በዓሣ አላስቀይምም" አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ የላስቲኩን ቤት ከጫፍ ጫፍ ይለካል። ገመዱን የት እንደምትወጥር እያሰበች ነው!

ግማሹን ውሃ በባልዲ ቀድቼ ንጹሕ ተካሁ። እሳቸው በሶ ጨመሩ። ደግሜ ቀዳሁ፤ ደግመው ጨመሩ። እሑድ ማታ ወገቤን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ እማዬ "ነገ ነነዌ ይገባል፤ በጊዜ እንብላ" አሉ። ያን ጊዜ በራልኝ!

"እማዬ፣ በነነዌ እንስሳቱም ጾመዋል አይደል?"

"እንዴታ! በሬው ቢሉ፣ በጉ ቢሉ!"

"ታዲያ ዮናስን የዋጠው ማን ነበር? የዚያ ዓሣ ዘሮች ሲበሉ ሊሰነብቱ ነው?"

የእማዬ እጅ በሶው ላይ እንዳለ ቀረ። ዓሦቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አማተቡ። "ኧረ በስመ አብ! ኃጢአት ልታስገባኝ! ይጹሙ እንጂ!"

ጾሙ! ውሃው ጠራ፣ ሽታው ጠፋ፣ ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው እንደ ልባቸው መዋኘት ጀመሩ። ሰላጣውማ የበሶውን ሲሳይ ጠጥቶ የጆሮዬን እጥፍ ቅጠል አወጣ። አስካለ እንኳ "ተረፉ ልበል?" ብላ ሳቀች። ደስታዬን አልችለው አልኩ!

ሐሙስ ጠዋት እያፏጨሁ ወደ ላስቲኩ ቤት ስገባ፣ እማዬ በለጡ በቅቤ የራሰ ጭኮ በሳህን ከምረው ታንከሩ ላይ አጎንብሰዋል።

"እንኳን ለፍስኩ አደረሳችሁ፣ የኔ ምስኪኖች!"

እጃቸው ከፍ ሲል ሮጬ በእሳቸውና በታንከሩ መካከል ገባሁ። "ይተዉ" ልል አፌን ከፈትኩ።

"ውይ ልጄ! ለካ አንተንም ርቦሃል!"

ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ለፍቅር ብለው ሠለሱኝ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ሳህኑን ለእኔ መግቢያ ያቆዩታል፤ ከቢሮ ስወጣ ሳህኑ ሳይቀድመኝ እየሮጥኩ ታንከሩ ፊት እቆማለሁ። ተመስገን፣ ዓሦቼ ሸንቀጥ ብለው ይዋኛሉ። የእኔ ሱሪ ግን አልቆለፍ ካለ ሰነበተ።