የአዴ በዳቱን ምሰሶ የላግሁት እኔ ነኝ

ኧረ ጉድ ነው ወዳጆቼ! ዛሬ የሆነውን ስታነቡ ከእንግዲህ ሰላምታም ትነፍጉኝ ይሆናል። ይሁን፣ ይገባኛል።

ቀረብ በሉ። ማንበብ የምትችሉ ለማትችሉት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ግን ድምፃችሁ የጣቢያ ሹሙ ቢሮ ድረስ እንዳይገባ አደራ!

ዛሬ ከባቡር ለወረዳችሁ እንግዶች፦ እኔ የአዳማ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ የጭነት ወረቀት መጻፍ ነው። ሱሴ ደግሞ ይሄ ነው፤ በየሳምንቱ የልቤን ጽፌ መንገደኛ የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ መለጠፍ። ተከታዮቼ ከሥር በከሰል አስተያየት ትሰጣላችሁ። (ባለፈው ሳምንት "ይህ ሰው ሚስት ያስፈልገዋል" ብለህ የጻፍከው፣ የእጅ ጽሕፈትህን አውቄዋለሁ!)

ሌላም ልናዘዝ። እኔ ዓይኔን ገልጬ የማልም ሰው ነኝ። ከአዋሽ በኩል ያ ሞቃት ነፋስ ሲመጣ፣ ግራሮቹ ሲወዛወዙ፣ ባቡሩ ከሩቅ ሲያፏጭ፣ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ሰውነቴ ወንበሩ ላይ ይቀራል፣ እኔ የለሁም። በዚሁ ጠባዬ የሞጆን ጨው ሁለት ጊዜ ወደ ድሬዳዋ መልሼ ልኬዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ።

የእናታችንን የአዴ በዳቱን ቤት የማያውቅ አለ? ከሐዲዱ ማዶ፣ ዋርካው ሥር ያለው ትልቁ የሣር ቤት። ባቡር ሳይመጣ፣ እኛ ሳንመጣ፣ ቆርቆሮ የሚባል ነገር ባገሩ ሳይታይ የነበረ ቤት ነው። የሲራራ ነጋዴ ከአርሲ ወርዶ ወደ ሐረር ሲያቀና እዚያ ነበር የሚያድረው። አዳማ ከዚያ ቤት ጀመረች ቢባል የሚከራከር የለም።

መካከሉ ላይ የጥድ ምሰሶ አለ።

ነጋዴው ለመንገድ ሲነሣ ምሰሶው ላይ በቢላዋ አንድ ጭረት ይጭራል። በሰላም ሲመለስ ሌላ ጭረት ያጋድምበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ምሰሶው ከወገብ እስከ ራስ በጭረት ተሞላ። አብዛኛው ጥንድ ጥንድ ነው። ብቻውን የቀረም አለ።

ብቻውን የቀረው ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ።

ከነዚያ አንዱ የኦቦ ቱፋ ነው፣ የአዴ በዳቱ ባል። በቅሎዎቻቸውን ጭነው ወጡ፣ ቀሩ። አዴ በየማለዳው ከደጅ ከመውጣታቸው በፊት ጣታቸውን እዚያች ጭረት ላይ ያሳርፉና "አካም ቡልተ?" ይላሉ። እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። እርጎ ልጠጣ ስሄድ ስንት ቀን አይቻለሁ። 

ታዲያ በቅርቡ ትእዛዝ መጣ። ትልቅ እንግዳ በባቡር ስለሚያልፉ፣ ከሐዲዱ ዳር ያለ ያረጀ የሣር ቤት ሁሉ ይፍረስ!

ከተማው ተነሣ። የወሎው ነጋዴ ሼህ እንድሪስ፣ መሪጌታ፣ የኦሮሞ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሆነው የወረዳችን ሹም ወደ ሆኑት ምስለኔ ሄዱ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። (ማመልከቻው ቆንጆ ነበር፤ እሱን እንኳ አትንኩብኝ።) ሽማግሌዎቹ "ይህ ቤት የሁላችን መነሻ ነው። ካላመኑ ምሰሶውን ይዩት" አሉ።

ምስለኔው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "ቅዳሜ መጥቼ ምሰሶውን አያለሁ። እንዳላችሁት ከሆነ አላስነካውም" አሉ።

ምሰሶውን አያለሁ። ልብ በሉ!

በመካከሉ የአዴ ልጅ ወለደችና አዴ አራስ ሊጠይቁ ሞጆ ሄዱ። ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር ሊመለሱ ነው። ቤቱን ለኔ አደራ ሰጡኝ። "ጉርባ፣" አንተ ልጅ ማለታቸው ነው፣ "ደጁን ጥረግልኝ" አሉኝ።

ደጁን ጥረግልኝ። በቃ! ሌላ አንዲት ቃል አልተናገሩም!

ግን ምስለኔው እንግዳ ሆነው ሊመጡ ነው። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ አይደል? የተቀደደ ይሰፋል፣ ያደፈ ይታጠባል፣ ያልነበረ ይበደራል። እንግዳ የሰውን ቤት እንዳለ አይቶት አያውቅም።

ሐሙስ ጎረቤቱን አስተባበርኩ። አዲስ ሣር አስከደንኩ። ግድግዳውን ኖራ አስቀባሁት። ቤቱ ለጥምቀት የለበሰች ኮረዳ መሰለ! ሁሉም "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ!" አለኝ።

እጄ ይባረክ! እስቲ ይህን እጅ ተመልከቱት።

ዓርብ ከሰዓት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። በበሩ የምትገባው ፀሐይ ኖራው ላይ አርፋ ቤቱን ሁሉ ወተት አስመስላዋለች። በዚያ ሁሉ ንጣት መካከል ምሰሶው ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ጥላሸት የጠጣ፣ የተቧጨረ፣ ያረጀ።

እዚያ ላይ ነው ነፋሱ የመጣው።

ሐሳብ ይዞኝ ሄደ። ምስለኔው በነጭ ካባ ሲገቡ ታየኝ። ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ። ካባው ጠቆረ! ጭረቱ ክሩን መዘዘው! "ኧረ አይሆንም" አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ታየኝ፤ ምሰሶው እንደ ማር ያበራል፣ ምስለኔው በመዳፋቸው ይደባብሱታል፣ "ይህን ማን ሠራው?" ይላሉ፣ አዴ በዳቱ ወደ እኔ እየጠቆሙ ያለቅሳሉ።

ማልቀሱስ ደርሷል።

ከባቡሩ አናጢ መላጊያ ተውሼ መጣሁ። ላግሁት ወዳጆቼ። እያንጎራጎርኩ ላግሁት! ቀጫጭኑ እንጨት እየተጠቀለለ እግሬ ሥር ይወድቃል፣ የጥዱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል፣ እኔ ከደመና በላይ ነኝ። ስንት ሰው መንገድ እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደተመለሰ፣ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ አራገፍኩት። ፀሐይዋ ከበሩ ስትሸሽ ነው የነቃሁት።

እጄ ላይ መላጊያ አለ። ፊት ለፊቴ ምንም ያልተጻፈበት ምሰሶ አለ።

ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ለካ ስለኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ባቡሩም ምስለኔውም እኩል ደረሱ። አዴ ከባቡር ወርደው ጥላቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ምስለኔው ከበቅሎ ወርደው ሲገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲቆሙ። እኔ በሩ ሥር ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

ምስለኔው ገቡ። ጣሪያውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። ምሰሶውን ዞሩት።

"አሮጌው ቤት የታለ?"

ምሰሶውን በጣታቸው አንኳኩ።

"ስንት ዘመን የኖረ ምሰሶ አላችሁኝ። ይሄ የትናንት ነው!"

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። አቤት ያ ዓይን! ምስለኔው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የመጣው ትእዛዝ ያረጀ የሣር ቤት ይፍረስ ነው የሚለው። ይሄ አዲስ ነው። አዲስ ቤት አፍርስ የሚል ትእዛዝ የለኝም።"

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። እኔስ? "ኧረ ጌታዬ፣ በእመቤቴ አሮጌ ነው! እኔ ነኝ የላ—" ልል አፌን ከፈትኩ። ሼህ እንድሪስ እግሬን በተረከዛቸው እስካነክስ ድረስ ረገጡኝ። አፌን ዘጋሁ።

ምስለኔው በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ሕልምም ሊሆን ይችላል፤ የኔ ዓይን አይታመንም።

እልልታው ቀለጠ። ቤቱ ዳነ! ሰው ትከሻዬን ይመታል፣ "ብልጥ ነህ ለካ፣ ሆን ብለህ ነው!" ይለኛል። እኔ ግን የማየው አዴ በዳቱን ነው። ምሰሶው ፊት ቆመዋል። ጣታቸውን አንሥተው የሚያሳርፉበት አጥተዋል።

ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ያልኩትን አላስታውስም፤ ማልቀሴን አስታውሳለሁ።

"ማሎ፣ እባክህ ዝም በል" አሉኝ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸውን ከላይ ጀምረው ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ታች አወረዱት። ትከሻቸው ትክክል ሲደርሱ ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ የኔን ጣት ይዘው እዚያው ላይ አሳረፉት።

ነበረች!

ዓይን አያያትም። ከፀጉር ትቀጥናለች። ጣት ግን ያገኛታል።

"ቱፋ እጁ ከባድ ነበር" አሉ አዴ። "አንተ ላዩን ነው የወሰድከው።"

የሌሎቹን ነገር ፈርቼ ፈርቼ ጠየቅሁ። ነገ የየቤቱ ሰው ይምጣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የአባቱን ይፈልግ አሉ። ጥልቅ አድርጎ የጫረ ይገኛል። ቀለል አድርጎ የጫረውን ግን እኔ በልቼዋለሁ፤ እዳው ከኔ አይወርድም። ስለዚህ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በዚያ መንገድ ያለፉ ሁሉ፣ ነገ ኑ። በር ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ከተቆጣችሁም እዚያው ተቆጡኝ።

ልወጣ ስል አዴ ጠሩኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ሊሉኝ ነው ብዬ ዞርኩ።

"ጉርባ፣ ደጁን እኮ አልጠረግከውም።"

ዞሬ አየሁ። እውነታቸውን ነው! የሣሩ ቁራጭ፣ የኖራው ጠብታ፣ የዋርካው ቅጠል፣ ሁሉም እዚያው ተከምሯል። ከተማውን ሁሉ ያዳረስኩት ሰውዬ የታዘዝኳትን አንዷን ነገር ረስቻታለሁ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ቤት ያዳነ ነው የምባለው ወይስ ቤት ያፈረሰ? መልሳችሁን ከሥር በከሰል ጻፉ። ብቻ ስትጽፉ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ይህን ግድግዳ የሚያጸዳውም እኔው ነኝና።

ደግሞ ለነገ መጥረጊያ የሚያውሰኝ አለ?