ሰው የሚነዳ ብስክሌት

ክረምት ሲገባ ጣሪያውን የሚጠግን ሰው ታውቃላችሁ፤ ብስክሌቱን የክረምት ልብስ የሚያለብስስ ገጥሟችሁ ያውቃል? የሥራ ባልደረባዬ ታሪኩ እንዲያ ነው። ለሥራም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ባምባሲ ከተማ ለሚነዳው ልምምድም ለሚጠቀምባት የኮርሳ ብስክሌት ቀይ መብራት፣ ደወልና ጭቃ የሚከላከል ፓራፋንጎ ገጠመላት። ፓራፋንጎውን ከጎማው ጋር አጣብቆት፣ "ጠብታ አታልፍም!" አለኝ ኮራ ብሎ።

እውነቱን ነው፤ የአሶሳ ቀይ ጭቃም በመሃላቸው ከገባ በኋላ አላለፈም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ቆመን ሳለ፣ ከጉሙ ውስጥ ቀንድ ያለው፣ አንድ ቀይ ዓይኑ ብልጭ ድርግም የሚል ረጅም ነገር ወደ እኛ መጣ። እዚያው በር ላይ ማንጎ የምትሸጠው ሐዋ ቅርጫቷን ጥላ፣ "ቢስሚላሂ! ብስክሌት ሰው ይነዳል!" ብላ ጮኸች። ታሪኩ ነበር፤ ጎማው አልዞር ብሎት ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። "ልምምድ ነው" አለን፣ ሳያፍር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ያው የታሪኩ ብስክሌት ደወል ከጉሙ ውስጥ ከኋላዬ ጮኸ። እየሳቅኩ ዳር ይዤ ቆምኩ። ማንም አላለፈም፤ ብቻ እስከ ቢሮ ድረስ ትከሻዬን ከበደኝ።

ታሪኩ ቀድሞኝ ገብቶ ሻይ ይጠጣል።

"ብስክሌቷስ?" አልኩት።

"ጎማዋ እንደተያዘ ቤት ቀረች፤ በባጃጅ ነው የመጣሁት" አለኝ። ከዚያ ጃኬቴን አፍጥጦ አየ። "ትከሻህ ላይ ያለው የጎማ ምልክት ግን የምንድን ነው?"