ድንጋይ ላሹ ኦቦ ጉርሙ

አንድ ጊዜ የፈረንጅ ጓዝ ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ሊቅ ሆኖ የሚኖር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የአምቦው ክቡር ሊቀ ጠጠር ኦቦ ጉርሙ ናቸው።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ድንጋይ የሚያጠና ፈረንጅ ተከትለው ከጉደር ማዶ ባለው የኖራ ገደል ሁለት ወር ከረሙ። ይዘው የተመለሱት አንድ ማጉያ መነጽርና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "እዚህ ባሕር ነበር።" ባሕር አይተው አያውቁም። ከጊንጪ ወዲያም አልፈው አያውቁም።

እንደሳቸው አባባል፣ የዚያ ባሕር ደቃቃ ቅርፊቶች ኖራ ድንጋዩ ውስጥ ተቀብረው ቀርተዋል። ጤፍ የሚመስሉት የላይኛው ንብርብር ናቸው፤ ኑግ የሚመስሉት የታችኛው፣ የአሮጌው። ስለዚህ ድንጋይ ባዩ ቁጥር ዕድሜውን ሳይናገሩ አያልፉም። ቅርፊቱ የሚታየው ሲርስ ነው ብለው ደግሞ ይልሱታል። በወይዘሮ ሸዋገነት ባል ሙት ዓመት ሰው ሲያለቅስ እሳቸው ሐውልቱን ይልሱ ነበር። እኔ የተማርኩት መምህር ምላሴን እያወጣሁ ባልደረቦቼን አስቅባቸው ነበር።

ኋላ ጎረቤቴ ፈዬራ ከእናቴ ከወረስኩት መሬት እኩሌታው የኔ ነው አለ። ቤቴ ያለው በዚያው እኩሌታ ላይ ነው። መሬቴ መካከል ቆሞ የተገኘውን ነጭ ድንጋይ አባቱ ከጣልያን በፊት ለድንበር እንደተከሉት የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ሊምል ተነሣ። ፈዬራ ገደሉ ውስጥ ኖራ የሚያስቆፍር የተከበረ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ምስክር የለኝም።

ኦቦ ጉርሙ ሳይጠሩ መጡ። ሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋዩን ሲልሱ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በመነጽራቸው እያዩ ብዙ ቆዩ።

"ጃርሶሊ፣ ይኼ ኑግ ነው" አሉ ሽማግሌዎቹን። "የፈዬራ ቁፋሮ ኑጉ ላይ የደረሰው ዘንድሮ ነው። ሌላው ቦታ ኑጉ ከወንዙ ሥር ነው። አባቱ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው?"

"አሥራ ሁለት" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ሁለት ሰዎች ገደሉ ድረስ ተልከው ከላይም ከታችም ድንጋይ አመጡ። ሽማግሌዎቹ በየተራ በመነጽሩ አዩ፤ የድንበሩ ድንጋይ ከታችኛው ጋር አንድ ሆነ፤ አንዱማ ላሱ። ፈዬራ ሳይምል ሄደ።

ድንጋዩ ተነቅሎ ደጄ ቀረ። ኦቦ ጉርሙ በየእሑዱ መጥተው ይልሱትና "እዚህ ባሕር ነበር" ይሉኛል፣ እንደ አዲስ። አሁንም ያናድዱኛል። የቀሩ ዕለት ግን ምሳዬ አልበላ ይለኛል።