ደምሴ የደፈነው ግድግዳ

ይህን ያወራችልኝ ጎረቤቴ አበበች ናት። በባሏ ላይ የደረሰ ነገር ስለሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከእሷ በላይ የሚጨምርም የለም። የጨመረችውን ቀንሼ ነው የማቀርብላችሁ። ትንሽ ግን ትቼላታለሁ፤ ጨው የሌለው ወሬ ማን ይቀምሳል?

ሰው ቀዳዳ አይወድም። ጣሪያው ቢያፈስ ይደፍናል፣ ልብሱ ቢቀደድ ይጥፋል፣ ጥርሱ ቢቦረቦር ያስሞላል። ጆሮውንማ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚደፍነው፤ በተለይ የቤት ሰው ሲናገር።

የአበበች ባል ጋሽ ደምሴ አናጢ ነው። አባቱ ከጉራጌ ደጋ መጋዝ ይዞ ሶዶ ከተማ ገባ፤ ልጁ መጋዙን ወረሰና ኩራቱን ራሱ ጨመረበት። ቀዳዳ ያለው እንጨት ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ የገሱባ ከተማ ሙሽራ ሳይቀር ቁም ሳጥን የሚያዘው እሱን ነው። ስታዲየሙ ሲታደስ፣ ከትሪቡኑ ሥር ያለውን የቮሊቦል አዳራሽ ግድግዳ እንጨት እንዲያለብስ ተጠራ። እንጨቱ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጣ። ደምሴ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ቢያዞረው፣ ከላይ እስከ ታች ወንፊት!

እንጨቱን ያዘዘችው የእድሳቱ ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ቦምቤ ከተማ ሄዳለች። «ምስኪን፣ ነቀዝ የበላው ሸጡላት» ብሎ ደምሴ አዘነላት። ነቀዙ እንዴት ሰልፍ ይዞ በላ ብሎ አልጠየቀም፤ የአዲስ አበባ ነቀዝ የተማረ መስሎት ይሆናል። ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ቀዳዳውን አንድ ባንድ ደፈነ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ቫርኒሽ ቀባ፣ ሰቀለ። ግድግዳው መስታወት መሰለ።

ኢንጂነሯ ተመልሳ ገባች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቀዳዳው የት ሄደ?»

«ደፈንኩልሽ፣ ልጄ።»

«አዳራሹ እንዳያስተጋባ ድምፁን የሚውጠው እኮ ቀዳዳው ነው!»

«እንጨት ድምፅ ሲውጥ የት አየሽ? ምስማር እንኳ የሚውጠው በመዶሻ ነው።»

«ወይ መልሰው ይብሱት፣ ወይ ሌላ አናጢ እጠራለሁ።»

እስቲ አስቡት። ደምሴ ከስታዲየም ተባረረ ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ሥራ ይሰጠዋል? እሱ ግን «የጨረስኩትን እንጨት አልበሳም» አለና መብሻ ትራፓኖውን ሳጥኑ ውስጥ መለሰ።

ወሬው አበበች ዘንድ ደረሰ። ማን እንዳደረሰላት አትጠይቁኝ። ጎደሬዋን ከሚያቃጥለው ማባያ ከዳታ ጋር ቋጥራ፣ ምሳ አድራሽ መስላ ገባችና አዳራሹ መሀል ቆመች።

«አንተ ሰውዬ! የእንጀራ ገመዳችንን ልትበጥሰው ነው?»

ግድግዳው «ልትበጥሰው ነው» አለ። ማዶው ደገመ፣ ጣሪያው ሰለሰ።

«ዝም አልከኝ?»

«አልከኝ... አልከኝ... አልከኝ...»

ደምሴ ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ አየ። «አንዷን ስንት ዘመን ችዬ፣ ሦስት አድርጌያት አረፍኩ!» አለና ትራፓኖውን አወጣ።

እኔ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ቀዳዳ የሌለው ነገር የሰጡትን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። እንደዚያ ያለ ሰውም አለ፤ ስም አልጠራም። አበበች ዕድሜዋን ሙሉ የጮኸችው፣ ቃሏን የሚውጥላት አጥታ ይሆን እንዴ?

አዳራሹ አሁን እርጭ ብሏል ይላሉ። ኢንጂነሯ ዲምቱ ከተማ ሌላ ሥራ ይዛለች። ደምሴ ሥራውን ጨርሶ ደመወዙን ተቀበለ፤ የተረፈውን ባለቀዳዳ ቁራጭም አስፈቅዶ ወሰደና የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ፣ በእኔ በኩል ያለውን፣ አለበሰበት። አበበች እንደ ድሮዋ ትናገር ይሆናል።

እኔ አልሰማሁም።