የሌለው ዋሻ ጠባቂዎች

ዝርክርክ ሰው ዕድለኛ ነው። ቤቱ ቢፈተሽ ፈታሹ ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል፤ የጻፈው ቢነበብ አንባቢው ከመስመር መስመር ሲንከራተት ቆይቶ «ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው» ብሎ ይተወዋል። እንደኔ ሁሉን በየፈርጁ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ከሳሹን የሚጠብቀው ማስረጃውን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ርዕስ ሰጥቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ነው። አትሳቁ፤ ደርሶብኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ብቸና አስተምር ነበር። ጓደኛዬ አሥራት ደግሞ ሞጣ ነበር የተመደበው። አሥራት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከአንድ የውጭ አገር መምህር የለመደው ጨዋታ ነበረው። በዕረፍት ስንገናኝ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ አንዱ የሌለ አገር ታሪክ ያወራል፣ ሌሎቹ የዚያ አገር ሰው ሆነው ይናገራሉ፣ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሉዶ ዳይስ ይወስናል። ተራኪው እኔ ነበርኩ። ተራኪ ማስታወሻ ካልያዘ ደግሞ ባለፈው ጨዋታ የሞተው ሰው ዛሬ መጥቶ እራት ይበላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ሰጠሁት፦ ማንን ይወዳል፣ ማንን ሊከዳ ያስባል፣ ጦሩ የት ሰፍሯል። ጉም አገር ብዬ የሰየምኩት ያ የሌለ መንግሥት ከትምህርት ቤታችን ቢሮ የተሻለ መዝገብ ነበረው።

አንድ ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ ደብተሬን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ያጨኋት ልጅ አባት፣ መሪጌታ ጥበቡ፣ እዚያ ይኖሩ ነበርና ከቤተ ዘመዱ ሊያስተዋውቁኝ ቀጥረውኛል። ኬላው ላይ ጠባቂው ቦርሳዬን ከፍቶ ደብተሩን ገለጠ። ገጽ የጠፋ ይመስል «የመሣሪያ ማከማቻ፦ ከፏፏቴው ጀርባ ያለው ዋሻ። ጠባቂዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰክራሉ» የሚለው ላይ ዐረፈ።

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ የቀረ ሰው ነበር።

ወስደው ካድሬው ፊት አቆሙኝ።

«ዋሻው የት ነው?»

«የትም የለም፣ ጓድ።»

«ለሌለ ዋሻ ነው ዘበኛ የቀጠርከው?»

ጨዋታ ነው ብዬ ማልኩ። አሥራትን አስመጡት፤ እሱም ማለ። ዋስ ጥራ ስባል ሞጣ ውስጥ የማውቀው ሌላ ሰው አልነበረኝምና መሪጌታን አስጠራሁ። ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ይሄኔ ካድሬው ደብተሩን ወደኔ ገፋ አደረገና «ጨዋታ ከሆነ ተጫወቱና እንይ» አለ።

ጨዋታውን ያቆምንበት ቦታ ላይ ተራው የጉም አገሯ ንግሥት ነበር። የሚጫወታት ሰው ስለሌለ እሷን ሆኜ የምናገረው እኔው ተራኪው ነኝ፤ የምናገረውም በቀጭን፣ በሚሞላቀቅ ድምፅ ነው። አማቴ ሊሆኑ በተዘጋጁ ሽማግሌ ፊት! እስር ቤቱንና ንግሥቲቱን አማረጥኩ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ እስር ቤቱ ተሻለኝ። ከዚያ «ሽፍታዬ ሆይ፣ ምነው ዘገየህብኝ?» አልኩ። ሽፍታው አሥራት ወለሉ ላይ ተንበረከከ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። መሪጌታ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ካድሬው ግን አልሳቀም። ወንበሩን አስጠጋና «እኔስ ማን ልሁን?» አለ።

የጦር አዛዥ አደረግነው። ወዲያው ዋሻውን ልውረር አለ። ዳይሱን ወረወረ፤ አንድ ወጣ። በጨዋታው ሕግ አንድ ያወጣ ይማረካል። ይህን ለካድሬ የሚነግረው ማን ነው? አሥራት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ተናገር እንጂ!» አለኝ ካድሬው።

«ጓድ... ተይዘዋል።»

ካድሬው ዳይሱን ትኩር ብሎ አየው፣ አየውና «እና ማን ዋስ ይሆነኛል?» አለ።

መሪጌታ ከጥጋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እሆንዎታለሁ። የመጣሁትስ ለእስረኛ ዋስ ልሆን አይደል?»

ካድሬው ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለቀቀንም። ደብተሬን ግን አስቀረው፤ መጨረሻውን ማወቅ ፈልጎ መሰለኝ።

ከመሪጌታ ኋላ ኋላ ስከተል ቁጣቸውን እጠብቅ ነበር። ቢቆጡኝ ምንኛ በወደድኩ! ግቢያቸው በር ላይ ስንደርስ ቆሙ። የዘመድ አዝማዱ ጫጫታ ከውስጥ ይሰማል። መሬት መሬቱን እያዩ፦

«ልጄ፣ ሥራህን ይጠይቁህ ይሆናል። አስተማሪ ነኝ በል። እሱ ይበቃል» አሉኝ።

ገባሁ። ጠየቁኝ። አስተማሪ ነኝ አልኩ። በሕይወቴ እውነት ስናገር እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።