ክቡር ሊቀ ጉድጓድ ኢድዋል

በዌልስ ተራሮች የተዘጋ የእርሳስ ማዕድን ባለበት ሁሉ፣ ታሪኩን ካልነገርኳችሁ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ማዕድኑ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ የሰውየው አፍ ግን አልተዘጋም።

የእኛው ኢድዋል ይባላል። በመንደራችን የሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም ጆንስ ስለሆነ የምንለየው በሥራችን ነው፤ እኔ ቴጊድ ዳቦው ነኝ፣ ሥጋ ሻጩ ሂው ሥጋው ነው፣ እሱ ኢድዋል ጉድጓዱ ነው። የማዕድኑ ታሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል ስለሆነ፣ እኔ ክቡር ሊቀ ጉድጓድ እለዋለሁ።

ታሪኩ አንድ ስኒ ሻይ አያስጨርስም። የለንደን ሀብታሞች መጡ፣ የውሃ መንኮራኩር አቆሙ፣ አያቶቻችንን አስቆፈሩ፣ እርሳሱ ሲጠፋ እነሱም ጠፉ። ይህንን ኢድዋል ፊት ማለት ግን ዘሩን መሳደብ ነው።

"እርሳሱ አላለቀም! ያለቀው የለንደኖች ትዕግሥት ነው!" ይላል፣ ጣቱን አፍንጫችሁ ሥር ቀስሮ።

ዳቦ ሊገዛ ብቅ ሲል ወረፋዬ ይበተናል። የሂው እናት የተቀበሩ ዕለት፣ ጸሎት ቤት ሻይ እየጠጣን፣ ሐዘንተኛውን ክርኑን ይዞ "የእርሳሱ መስመር የሚያልፈው'ኮ በእናትህ መቃብር ታች ነው። ታድለዋል!" አለው።

"ተው እንጂ ኢድዋል! እሷ እንኳ ትረፍ!" አለ ሂው።

ባለፈው ክረምት አንዲት በግ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ሞተች። ምክር ቤቱም፣ ቦታው ታሪክ ካለው ይታጠራል፣ ከሌለው በኮንክሪት ይደፈናል ብሎ መሐንዲስ ላከ። ኢድዋልን የዚያኑ ሰሞን ጉንፋን ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠየቅ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ በተጠየቀበት ቀን ድምፁ ጠፋ። ግሩም ፍርድ ነው ብዬ ልስቅበት ከመንደሩ ሰው ጋር ወደ ጉድጓዱ ወጣሁ።

"እርሳሱ ሲያልቅ የተዘጋ ተራ ጉድጓድ ነው አይደል?" አለች መሐንዲሷ።

ኢድዋል አፉን ከፈተ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"እርሳሱ አላለቀም!" ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። እኔ ነበርኩ።

"በእናቴ መቃብር ታች ነው የሚያልፈው! ልትደፍኚው?" አለ ሂው። ከዚያ እኔ መንኮራኩሩን፣ መንደሩም በሙሉ እየተሻማ በማዕድኑ የሞቱትንም፣ ለንደኖቹንም ዘረዘርንላት።

"እሺ፣ በቃ፣ ይታጠር!" አለች፣ ዝናቡን ሸሽታ ወደ መኪናዋ እየሮጠች።

ኢድዋል ክርኔን ያዘኝ። ሊያመሰግነኝ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠሁት።

"መንኮራኩሩ ከጅረቱ ወዲህ ነበር" አለኝ በዚያ በተዘጋ ጉሮሮው፤ "ወዲያ ብለህ አሳሳትካት።"

በሳምንቱ ድምፁ ተመለሰ፣ ወረፋዬም ተበተነ። ዳቦውን ግን ወሬውን እየሰማሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የጠቀለልኩለት።