በእድሩ አግዳሚ ላይ የሚሞቱ ሰዎች

«ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል» ይላሉ አባቶች። እንዲህ ያሉት አባቶች የመንዟን ከተማ ሞላሌን አያውቋትም ማለት ነው። እዚህ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው፣ ፈሪም ይሁን ጀግና፣ የሚያስበው ስለ ላቡ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚወጣ ነው። ብርዱ ሁላችንንም እኩል ስለሚያንቀጠቅጠን ማን ፈርቶ፣ ማን በርዶት እንደሚንቀጠቀጥ መለየት ያስቸግራል፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ለአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ትልቅ መከታ ነው። «ምን ያንዘፈዝፍሃል?» ቢሉህ «በረደኝ» ትላለህ፣ አበቃ። ዓለም ከተማ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ግን አገሩ ሞቃት ስለሆነ ይህን ምክንያት አጥቶ አስፈሪ ፊልም ማየት ከተወ ቆይቷል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ አሥር አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች በእድራችን አዳራሽ እንሰበሰባለን። መስኮቱን በባና፣ በዚያ ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ እንሸፍናለን፤ የመንዝ ባና ከተጋረደ ደግሞ ፀሐይዋ ብትለምንም አትገባም። ሸራው እኔ ራሴ የሰፋሁት አቡጀዴ ነው። ፕሮጀክተሩ የደምሴ ነው። ደምሴ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ብቻውን የሚኖር፣ ከሰው ጋር የሚያወራው ዕቃ ሲበላሽና እሑድ ሲደርስ ብቻ የሆነ ሰው። አግዳሚዎቹ የእድሩ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን ውስጥ ይደረደራሉ፤ ሰው ያልሞተ እንደሆነ እኛ እንቀመጥባቸዋለን።

ታዲያ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ከፊልሙ ይረዝማል። የባዮሎጂ አስተማሪው መምህር ሽፈራው «ጭራቅ የለም፣ ሰው ግን አለ» ስለሚል ልብ አንጠልጣይ ካልሆነ አይጥመውም። ደምሴ ደግሞ «ሰውንማ ገበያ ላይ አየዋለሁ፣ ለሱ ብዬ ጨለማ ውስጥ አልቀመጥም» ይላል፤ የእሱ ምርጫ መንፈስ፣ ጥላ፣ የተዘጋ ቤት ነው። እኔ የምወደውን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ዓለም ሁሉ መጥፎ ነው ብሎ የጣላቸውን፣ ጥቂት እብዶች ብቻ እንደ ታቦት የሚያጅቧቸውን ፊልሞች ነው የምወደው። አንድ ጭራቅ አለ፣ ከጀርባው ዚፑ ይታያል። አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ዚፑ ሲሰፋ ጠሟል፤ ለእኔ ቢሰጡኝ እንዲያ አልሰፋም ነበር።

አንድ የምንስማማበት ነገር ነበረን፤ የሟቾች ማዕረግ። ሰው በሞተ ቁጥር ከአሥር የሚገባውን ነጥብ እንሰጣለን፤ አሟሟቱ ካማረ እናጨበጭባለን። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይቀላል። ያኔ ግን ምንም አልመሰለንም።

ከአዳራሹ ጋር በአጥር ብቻ የምትለየው የእትዬ ወርቅነሽ ቤት ናት። ልጃቸው እመቤት ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ ሞተች የሚል ወሬ በስልክ መጣ፤ አስከሬኗ አልመጣም። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳናቸው ውስጥ፣ በእነዚያው አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠን አብረን አልቅሰናል። ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ እሑድ እትዬ ወርቅነሽ ጓሯቸው ሆነው ከአዳራሹ የሴት ልጅ ጩኸት ሰሙ፤ ከጩኸቱ በኋላ ደግሞ ጭብጨባ። በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄዱ። «ልጄን ያለቀስኩበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሰው ልጅ ስትጮህ ያጨበጭባሉ» አሉ።

ለዚህ ምን እንላለን?

የእድሩ ዳኛ አባ ተክለ ማርያም ናቸው፣ የደብራችን ቄስ። ሁሉም ሰው አዳራሹ እንደሚዘጋ እርግጠኛ ሆነ። ደምሴ እህል አልቀምስ አለ። አዳራሹ ከተዘጋ ለእኛ የሚቀርብን ፊልም ነው፤ ለእሱ ግን ሰው ነበር የሚቀርበት። አባ ግን «ያላየሁትን አልፈርድም፣ አሳዩኝ» ብለው ላኩብን። መምህር ሽፈራው ቀለል ያለውን፣ ብዙ ሰው የማይሞትበትን እናሳያቸው ብሎ መከረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና ደምሴ እምቢ አለ። «ከዘጉም በደህናው ይዝጉት» ብሎ ከሁሉም የሚወደውን መረጠ፤ ሰባት ወጣቶች ጫካ ውስጥ ወዳለ ባዶ ቤት ሄደው አንድ በአንድ የሚያልቁበትን።

አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኛ ፊልሙን ትተን እሳቸውን ማየት ጀመርን። ስምንት ደቂቃ ያህል እንደሄደ የመጀመሪያዋ ልጅ ሞተች። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው አጨበጨበ። ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ ነኝ። እጄ በልማድ ቀደመኝ።

አባ ቀስ ብለው ተነሡ። «ነፍስ ይማር» አሉና ዝም ብለው ቆሙ። እኛም ግራ ገብቶን ተነሣን። ደምሴ ፊልሙን አቆመው። አባ ወደ እሱ ዞር ብለው «ስሟ ማን ይባላል?» አሉት።

ደምሴ ያንን ፊልም ዘጠኝ ጊዜ አይቶታል። ገዳዩ በየትኛው እጁ ቢላ እንደሚይዝ፣ ደሙ ከምን እንደተሠራ፣ ሙዚቃው የት ላይ እንደሚቋረጥ ያውቃል። «አላውቅም፣ አባ» አለ።

«ከመካከላችሁ የሚያውቅ የለም?»

የለም። መምህር ሽፈራው ፊልም እንጂ እውነት አለመሆኑን ሊያስረዳቸው ሞከረ። «እሱንማ መች አጣሁት ልጄ?» አሉት፤ «ልጅቷ ይሄኔ ቤቷ ገብታ እራቷን እየበላች ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ያጨበጨባችሁባትን ነው። እስቲ ወደ ኋላ መልሰው፣ ስሟን እንፈልግ።»

ፈለግን። እነዚያን ስምንት ደቂቃዎች ከመጀመሪያው አየናቸው። ጓደኞቿ ይስቁባታል፣ ዕቃ ያሸክሟታል፣ ይቀድሟታል፤ በስሟ የጠራት ግን አንድም የለም። መጨረሻ ላይ የተዋንያን ስም የሚዘረዘርበትን ከፈትን። መምህር ሽፈራው ጣቱን እያስኬደ አነበበና ተርጉሞ ነገረን። ከተዋናይዋ ስም ትይዩ የተጻፈው «ልጅት፣ አንደኛ» የሚል ብቻ ነው።

በሕይወቴ ብዙ አስፈሪ ፊልም አይቻለሁ፤ እንደዚያች መስመር ሰውነቴን ውርር ያደረገኝ የለም። ልጅቷ መጥታለች፣ ተጨንቃለች፣ ጮኻለች፣ ሞታለች፤ ስም የሚያወጣላት ግን አልተገኘም። እኛ ደግሞ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥተናት ነበር። አንዲት ዕድሜዋን ሙሉ አብራን የኖረች ልጅ እንዳለችና ያን ዕለት ገና እንዳየናት ሆኖ ተሰማኝ።

ፊልሙ ቀጠለ። ልጅቷን ጨምሮ ሰባት ሰው ሞተ፤ አባ ሰባት ጊዜ ተነሡ፣ እኛም ሰባት ጊዜ ተነሣን። ሲያልቅ በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም እንዴ? ሰባት ሰው አልቆ አንድ ጎረቤት ብቅ አይልም? ያለ ድንኳን ነው ያለቀው?» ከዚያ በኋላ ፈረዱ። «አዳራሹ አይዘጋም። ግን በእድሩ አግዳሚ ላይ ስም የሌለው ሰው አይሞትም፤ ሰው ሲሞትም ተቀምጣችሁ አታዩም። ስም ያላወጡለት ካለ እናንተ አውጡለት።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ የሞላሌ የፊልም ወዳጅ ሥራው በዝቷል። ደምሴ ቀደም ብሎ ፊልሙን ብቻውን ያይና ስም የሌላቸውን ለቅሞ ስም ያወጣላቸዋል፤ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ያነብልናል። መምህር ሽፈራው የሚወዳቸው ልብ አንጠልጣዮች ጥይት የሚበዛባቸው ስለሆኑ ቁጭ ብድግ ስንል ጉልበታችን አለቀ፤ እሱ ራሱ አሁን አሁን ሰው የማይሞትበት የለም ወይ ማለት ጀምሯል። የእኔ ባለ ዚፕ ጭራቅ የሞተ ዕለት እንነሣ አንነሣ የሚል ከባድ ክርክር ተነሥቶ አባ ዘንድ ተላከ። «እናት ካለው ተነሡለት» ብለው መለሱልን። ያለው መሆኑን ከፊልሙ ማረጋገጥ ስላልቻልን ለጥንቃቄ ተነሣን።

ያለፈው እሑድ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ በሩ ተከፈተ። እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፣ ጥቁራቸውን እንደለበሱ። ቦታ ልንለቅላቸው ስንነሣ በእጃቸው ተቀመጡ ብለውን መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ለፊልሙ ቀልብ የነበረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሸራው ላይ አንዲት ልጅ በረጅም ኮሪደር ብቻዋን ትሄዳለች። ስም አልነበራትም፤ ደምሴ «ሰላም» የሚል ስም አውጥቶላታል። መጨረሻ ላይ አንድ በር አለ። ከበሩ ኋላ ምን እንዳለ እኛ እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም።

«ተይ ልጄ!» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ከኋላችን። «ተይ፣ አትግቢ!»

አንድም የሳቀ የለም። መምህር ሽፈራው፣ ያ ጭራቅ የለም ባዩ፣ «ሰላም፣ ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። አዳራሹ ሙሉ በስሟ ጠራት። ልጅቷ እጇን መዝጊያው ላይ አሳረፈች።

ደምሴ ፊልሙን አቆመው።

ልጅቷ እዚያው ቆማ ቀረች፣ በሩም አልተከፈተ። ደምሴ ወደ ኋላ ዞሮ እትዬ ወርቅነሽን አያቸው፤ ልቀጥል ወይስ ምን ላድርግ የሚል ሰው አስተያየት ነበር። እሳቸው ዐይናቸውን ከሸራው አላነሡም።

«እንዲሁ ትቁምልኝ» አሉ። «ተዋት፣ ልጄ።»

ተውናት።